የክረምት መውጫ ትንበያን ወደ ራሳችሁ ቦታ የማውረድ ዝርዝር መመሪያ

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» የሚለው ብሂል ያስበላው እህል ቀላል አይደለም። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ በዚያ ሰሞን በአብዛኛው የሰሜን፣ የመካከለኛውና የምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ዝናቡ ገና አልደከመም። ትንበያን አጥብቆ የሚከታተል ሰውም ቢሆን ከስህተት አያመልጥም። በሬዲዮ «ዝናብ ይኖራል» ሲባል ይሰማና አጨዳውን ያስተላልፋል፤ በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር «ዋሹን» ይላል። ብዙውን ጊዜ የዋሸ የለም። መግለጫው የተናገረው ስለ ዞን ነው፤ ሰሚው የሰማው ስለ ማሳው ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት የሰሚው ሥራ ነው፤ እንዴት እንደሚሞላ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል ተቀምጧል።

መመሪያው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ላለው ጊዜ ነው። ለገበሬም፣ ለእህል ነጋዴም፣ ለሹፌርም፣ ድንኳን ተክሎ ለሚደግስም ያገለግላል። ደረጃዎቹን አትዝለሉ፤ በተለይ የመጀመሪያውን።

ደረጃ 1፦ ትንበያውን ከመክፈታችሁ በፊት ውሳኔውን ጻፉ

ምን ልትወስኑ እንደሆነ ሳትለዩ ትንበያ ብትሰሙ ጆሯችሁ የሚይዘው የምትመኙትን ብቻ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ደብተር አውጡና ሦስት ነገር ጻፉ።

1. ሥራው ምንድን ነው? «እህል መሰብሰብ» አይበቃም። «የታጨደውን ገብስ አውድማ ላይ ማድረቅ» በሉ።

2. ሥራው ከሰማይ የሚፈልገው ምንድን ነው? በቁጥር ጻፉት። ለማድረቅ ከሆነ «ሦስት ተከታታይ ቀን፣ በየቀኑ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች»። በመረሬ መሬት ላይ ሽምብራ ወይም ጓያ ለመዝራት ከሆነ ጥያቄው የተገላቢጦሽ ነው፤ መሬቱ እርጥበት ይዞ የቆመ ውሃ ግን የሌለበት፣ ከዘራችሁም በኋላ ውሃ የሚያቁር ዝናብ የማይመጣበት ሰሞን ነው የምትፈልጉት። ለደመራ ድንኳን የምትተክሉ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ቢዘንብ አይመለከታችሁም፤ የሚመለከታችሁ መስከረም 16 ከ8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ያለው ብቻ ነው።

3. ስህተቱ በየትኛው በኩል ይብሳል? «ይዘንባል» ብላችሁ ሳይዘንብ ቢቀር ምን ታጣላችሁ? «አይዘንብም» ብላችሁ ቢወርድባችሁስ? የሁለቱ ኪሳራ እኩል የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሁለተኛው በጣም የሚከብድ ከሆነ የዝናብ ዕድሉ 30 በመቶ ቢሆንም እንኳ ሸራችሁን አዘጋጁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ትንበያውን ካያችሁ በኋላ ቁጥሩን አትነካኩ። «ሦስት ቀን» ብሎ የጻፈ ሰው ትንበያው ሁለት ደረቅ ቀን ብቻ ሲያሳየው «ሁለትም ይበቃል» ማለት ይጀምራል። አውድማ ላይ የሚበቅል ገብስ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ደረጃ 2፦ የዝናብ መለኪያ ሥሩ

አሁን ያለውን ሁኔታ የምታውቁት ከራሳችሁ ግቢ ነው፤ ሬዲዮው የሚነግራችሁ የሌላ ቦታ ልኬት ነው። ባለሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ቢላዋ፣ ጥቂት ጠጠር፣ የተማሪ ማስመሪያ፣ ምሰሶና ደብተር ይበቃችኋል።

1. ጠርሙሱን ጎኑ ቀጥ ማለት ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ቁረጡት። የላይኛውን ቁራጭ ክዳኑን አውልቁና አንገቱን ወደ ታች ደፍታችሁ በታችኛው ውስጥ ክተቱት። ዝናቡን ያስገባል፤ የገባውን ውሃ ደግሞ ፀሐይ ቶሎ እንዳታተነው ይከላከላል።

2. የጠርሙሱ መቀመጫ ወጣ ገባ ነው፤ በቀጥታ ብትለኩበት ይዋሻል። ጠጠር ጨምሩበትና ጠጠሩ እስኪሸፈን ውሃ ሙሉት። የውሃው ወለል ያረፈበትን ቦታ በማይለቅ ቀለም አስምሩ። ዜሮአችሁ እሱ ነው።

3. የማስመሪያውን ዜሮ ከዚያ መስመር ጋር አግጥማችሁ ጎኑ ላይ ለጥፉት። ከዜሮው በላይ የተጠራቀመው እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው፤ ይህም ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ወርዷል ማለት ነው።

4. ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ምሰሶ ላይ እሰሩት። ከቤትና ከዛፍ አርቁት፤ ዛፉ 5 ሜትር ቢረዝም መለኪያው ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ። ከጣሪያ ጠፈፍ አጠገብ ያለ መለኪያ የሚለካው ጣሪያውን ነው።

5. በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንብቡ፤ ጻፉ፤ ከዚያ ውሃውን እስከ ዜሮው መስመር ድረስ ብቻ አፍስሱ። ሰዓቱን አትቀይሩ። የአገራችን የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች የ24 ሰዓት ዝናብ የሚለኩት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ድረስ ስለሆነ ቁጥራችሁን ከእነሱ ጋር ማነጻጸር የምትችሉት በዚህ ሰዓት ከለካችሁ ነው። መስከረም 5 ጠዋት ያነበባችሁት ውሃ በአብዛኛው የወረደው መስከረም 4 ከሰዓት በኋላ መሆኑንም አትርሱ።

መለኪያው ሲበላሽ

በረዶ ከጣለ ቀልጦ ሳያልቅ አትለኩ። አንድ ቀን ከረሳችሁ ሁለቱን ቀን ደምራችሁ «የሁለት ቀን ድምር» ብላችሁ ጻፉ እንጂ ለሁለት አትክፈሉት። ፍየል ከገለበጠችው «አልተለካም» በሉ። ባዶ ጠርሙስና ዝናብ ያልጣለበት ቀን አንድ አይደሉም፤ ያለመለኪያ የተጻፈ ዜሮ በሳምንቱ መጨረሻ ስሌታችሁን ሁሉ ያፈርሰዋል።

ከዝናቡ ሌላ አፈሩንም ፈትሹ። በአካፋ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሩና ከታች ያለውን አፈር በእጃችሁ ጨብጡ። ውሃ በጣታችሁ መሃል ከወጣ መሬቱ ሞልቷል፤ ቀጣዩ ዝናብ ወደ ውስጥ አይሰርግም፣ ይፈስሳል። ድቡልቡል ሆኖ በጣት ሲነካ የሚሰነጠቅ ከሆነ ለመዝራት ደህና ነው። ጨርሶ ካልተጣበቀ ደርቋል። ይህችን የአፍታ ሥራ ብዙ ሰው ይንቃታል፤ ሆኖም 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጎርፍ ይሁን በረከት የሚለየው ዝናቡ ሲመጣ መሬቱ በነበረበት ሁኔታ ነው።

ደረጃ 3፦ ቦታችሁ በመግለጫው ውስጥ በምን ስም እንደሚጠራ እወቁ

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት መግለጫ በአብዛኛው የሚናገረው በዞንና በክልል ስም ነው። አራት ነገር ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

1. ዞናችሁን ከነክልሉ። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን በአማራም በኦሮሚያም አለ፤ የደብረ ብርሃን ሰው የፍቼን ትንበያ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ሐረርጌም፣ ወለጋም፣ ጎጃምም ምሥራቅና ምዕራብ አላቸው። የዜና አንባቢው ስሞቹን በፍጥነት ስለሚደረድራቸው የራሳችሁን ለይታችሁ ለመያዝ ጆሯችሁን አሠልጥኑ።

2. በአገሪቱ ካርታ ላይ የትኛው አቅጣጫ እንደሆናችሁ። መግለጫው «የሰሜን ምሥራቅ»፣ «የምዕራብ አጋማሽ» እያለ ይናገራል። በዚህ ወቅት ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል፤ ዝናቡ የሚወጣው በአንድ ቀን ሳይሆን ከሰሜንና ከሰሜን ምሥራቅ ጀምሮ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ እያፈገፈገ ነው። ከሰሜንና ከደቡብ የሚመጡ ነፋሶች የሚገናኙበት የዝናብ ሰቅ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ደቡብ ሲወርድ ትግራይ፣ አፋርና የምሥራቅ አማራ አካባቢዎች ቀድመው ይደርቃሉ፤ ጋምቤላ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝና የምዕራብ ኦሮሚያ ዞኖች ግን በጥቅምትም ዝናብ ያገኛሉ። የመቀሌ ዘመድ «እኛ ጋ አብቅቷል» ብሎ ስለደወለ ነቀምት ላይ ሸራ አይታጠፍም።

3. ከባሕር ወለል በላይ ያላችሁበትን ከፍታ። ስልካችሁ ይነግራችኋል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት መንገዱ ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ካፖርት ለብሶ የተሳፈረ ሰው ታች ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። ለሁለቱ ቦታ አንድ የሙቀት ቁጥር የሚሰጥ ትንበያ ከሁለቱ ቢያንስ ለአንዱ የተሳሳተ ነው።

4. ከላያችሁ ያለውን ተፋሰስ። ወንዝ አጠገብ ላለ ሰው ከራሱ ትንበያ ይልቅ የሚበልጠው ከላይ ያለው አገር ትንበያ ነው። አሚባራ ያለ ሰው የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ሸዋን ይስማ፤ አዋሽ የሚነሳው ከዚያ ደጋ ነውና። ከሰሜን ሸዋ ተረተር የሚወርዱትን ገባሮችና ከቆቃ ግድብ ውሃ ይለቀቃል የሚለውን ማስታወቂያም ይከታተል። ፎገራ ያለ ሰው ርብና ጉማራ ከሚነሱበት ከጉና በኩል የጠቆረውን ይመልከት፤ ጋምቤላ ያለ ሰው ባሮ ከሚወርድበት ከኢሉ አባ ቦራ ደጋ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ድሬዳዋን በሌሊት ያጥለቀለቀው ከሐረርጌ ደጋ በወረደ ውሃ ነው፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ደረጃ 4፦ መግለጫዎቹን ከረጅሙ ወደ አጭሩ አንብቡ

ኢንስቲትዩቱ የወቅት፣ የወር፣ የአሥር ቀንና የዕለት ትንበያ ያወጣል። ብዙ ሰው የዕለቱን ብቻ ይሰማል፤ አንዳንዱ ደግሞ ግንቦት ላይ የሰማውን የወቅት ትንበያ መስከረም ድረስ ይዞት ይዞራል። ሁለቱም ጉዳት አለው። እያንዳንዱ የሚመልሰው የተለየ ጥያቄ ነው።

የወቅቱ ትንበያ፦ አንድ ጊዜ አንብባችሁ አስቀምጡት። «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ»፣ «ከመደበኛ በታች» ብሎ ዕድሉን ለሦስት ይከፍላል። ምንም ፍንጭ ባይኖር እያንዳንዱ 33 በመቶ ይደርሰው ነበር፤ ስለዚህ 45 በመቶ የተሰጠው ወገን ያዘነበለ ነው እንጂ የተቆረጠለት አይደለም። ኤልኒኖ (የፓስፊክ ውቅያኖስ የምድር ወገብ አካባቢ ውሃ ከወትሮው መሞቅ) ባለበት ዓመት የሰሜንና የመካከለኛው ክረምት የመዳከም ዝንባሌ ያሳያል፤ በ2007 ዓ.ም. ክረምት ያየነው ድርቅ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነበር። ላኒና (የዚያው ውሃ ከወትሮው መቀዝቀዝ) በአብዛኛው ተቃራኒውን ታመጣለች። ከዚህ ትንበያ የአጨዳ ቀን አይወጣም።

የአሥር ቀኑ ትንበያ፦ ለዚህ ወቅት ዋናው ይህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። አሥር ቀኑ የሚቆጠረው በፈረንጆች ወር ስለሆነ በእኛ ሲቀየር የመጀመሪያው ከነሐሴ 26 እስከ ጳጉሜን 5፣ ሁለተኛው ከመስከረም 1 እስከ 10፣ ሦስተኛው ከመስከረም 11 እስከ 20 ይሆናል። ጳጉሜን 6 ቀን በምትሆንበት ጊዜ ሁለተኛውና ሦስተኛው በእኛ አቆጣጠር አንድ ቀን ቀድመው ይጀምራሉ። ስታነቡ አራት ዓይነት ቃላትን በቀለም ለዩ።

የቦታ ቃላት፦ «በጥቂት ቦታዎች»፣ «በአንዳንድ ቦታዎች»፣ «በብዙ ቦታዎች»። እነዚህ ለማስዋብ የገቡ አይደሉም። «በጥቂት ቦታዎች ከባድ ዝናብ» ማለት በዞኑ ካሉት ቀበሌዎች አብዛኞቹ ከባድ ዝናብ ላያገኙ ይችላሉ፣ የትኞቹ እንደሚያገኙ ግን ከአሁኑ አይታወቅም ማለት ነው። «አልዘነበም፣ ዋሹ» የሚለው ቅሬታ የሚነሳው በአብዛኛው ከዚህ ነው።

የመጠን ቃላት፦ በኢንስቲትዩቱ ዘገባ በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የወረደ ዝናብ ከባድ ይባላል። ያ ማለት በአንድ ሔክታር ላይ 300 ሺህ ሊትር ውሃ ነው።

የንጽጽር ቃላት፦ «ከመደበኛ በታች» ማለት ደረቅ ማለት አይደለም። መደበኛው የሚለካው ከዚያው ቦታ ከራሱ የብዙ ዓመት አማካይ ጋር ነው። መስከረም መጀመሪያ ላይ ጎሬ ከመደበኛ በታች ብትሆን እህላችሁን ታበሰብሳለች፤ ሰመራ ከመደበኛ በላይ ብትሆን አቧራውን ብቻ ልታስተኛ ትችላለች።

የጊዜ ቃላት፦ «በአሥሩ ቀናት የመጀመሪያ አጋማሽ»፣ «በአብዛኛዎቹ ቀናት»። ለማድረቅ የምትፈልጉ ከሆነ ድምሩን ትታችሁ ቀናቱን ቁጠሩ። 60 ሚሊ ሜትር በሁለት ከሰዓት ቢወርድ ስምንት የማድረቂያ ቀን ይተርፋችኋል፤ በስምንት ቀን ተከፋፍሎ ቢንጠባጠብ የሚተርፋችሁ ሁለት ብቻ ነው።

የዕለቱና የሦስት ቀኑ ትንበያ፦ ይህ ሰዓቱን ለማስተካከል ነው። ትልቁን ውሳኔ በአሥር ቀኑ ወስናችሁ፣ የምትጀምሩበትን ቀን በዚህ ምረጡ።

መግለጫው ካልደረሳችሁ

በአቅራቢያችሁ ያለውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ጠይቁ፤ ወይም የኢንስቲትዩቱን የክልል ማዕከል ፈልጉ። ባሕር ዳር፣ ኮምቦልቻ፣ አዳማ፣ ጅማና ሐዋሳ ላይ ማዕከላት አሉ። በማኅበራዊ መገናኛ የሚዘዋወር ምስል ቀን ካልተጻፈበት አትጠቀሙበት። ያለፈው ዓመት የጎርፍ ማስጠንቀቂያ በየክረምቱ እንደ አዲስ ይዞራል።

ደረጃ 5፦ የስልካችሁን ትንበያ አርሙት

የስልክ ትንበያ ይጠቅማል፤ ግን ሳይታረም የሚዋጥ ነገር አይደለም።

ቦታውን አረጋግጡ። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ብዙ ቦታዎች አሉ፤ ስሙን ጽፋችሁ የመጣውን ከመቀበል ይልቅ ካርታው ላይ ማሳችሁን ነክታችሁ ምረጡ።

ሰዓቱን ቀይሩ። ስልኩ 15፡00 ካለ በእኛ 9 ሰዓት ከሰዓት ነው፤ ስድስት ቀንሱ። የሳተላይት ምስል ላይ ያለው ሰዓት ግን ብዙውን ጊዜ የግሪንዊች ነው፤ ከእሱ ሦስት ብቻ ቀንሱ። የግሪንዊች 12፡00 በእኛ 9 ሰዓት ከሰዓት ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው የደመናውን ሰዓት በሦስት ሰዓት ያዛንፈዋል።

መቶኛውን በትክክል ተርጉሙ። «60 በመቶ» ማለት የቀኑ 60 በመቶ ይዘንባል ማለት አይደለም፤ የዝናቡን ብዛትም አይናገርም። እንዲህ ያለ ትንበያ በተሰጠባቸው አሥር ቀናት በስድስቱ ገደማ ይዘንባል፣ በአራቱ አይዘንብም ማለት ነው።

ከፍታውን አስተካክሉ። አብዛኞቹ የስልክ ትንበያዎች የሚመጡት ዓለምን በካሬ ከፋፍለው ከሚያሰሉ ሞዴሎች ነው፤ የአንዱ ካሬ ጎን ከ9 እስከ 28 ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል። በአንድ ካሬ ውስጥ ተራራና ሸለቆ ካለ ሞዴሉ አማካዩን ይወስዳል። እናንተ ከዚያ አማካይ 600 ሜትር ከፍ ብላችሁ ካላችሁ ከሙቀቱ 4 ዲግሪ ገደማ ቀንሱ። ውርጭ ለምትፈሩ የደጋ ሰዎች ይህ ዋና ነገር ነው። የሙቀት መለኪያ የሚቀመጠው ከመሬት ከ1 ሜትር በላይ ነው፤ ነፋስ በሌለበት በጠራ ሌሊት የመሬቱ ገጽ ከዚያ በታች ብዙ ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል። መስከረም መጨረሻ ላይ ትንበያው 3 ዲግሪ ካለና ሰማዩ ከጠራ፣ በጉድጓዳማው ማሳችሁ ላይ ያለውን ባቄላ ውርጭ እንደሚጎበኘው ቁጠሩ።

ሁለት የስልክ ትንበያዎች ካልተስማሙ አማካዩን አትውሰዱ። አለመስማማታቸው ራሱ መረጃ ነው፤ ቀኑ አስቸጋሪ ነው ማለት ነው። በደረጃ 1 ወደ ጻፋችሁት ሦስተኛ ጥያቄ ተመለሱና ኪሳራው ወደሚያንሰው አዘንብሉ።

ደረጃ 6፦ ሰማዩን በቀን ሦስት ጊዜ እዩ

የክረምት መውጫ ዝናብ ጠባዩ ከሐምሌው ይለያል። ሐምሌ ቀኑን ሙሉ ያጨልማል፤ መስከረም ጠዋት ያታልላል። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ያሞቃል፣ በእርጥበት የተሞላው አየር ይነሳል፣ ከሰዓት ነጎድጓድና በረዶ ይዞ ይወርዳል።

ጠዋት 1 ሰዓት፦ ጤዛውንና ነፋሱን እዩ። ሌሊቱ ጠርቶ፣ ጠዋቱ ቀዝቅዞ፣ ከምሥራቅ ወይም ከሰሜን ምሥራቅ ደረቅ ነፋስ ለተከታታይ ቀናት ከነፈሰ ክረምቱ ከአካባቢያችሁ እየለቀቀ ነው። አንድ ቀን ብቻ ከሆነ አትቁጠሩት፤ «ሐምሌ ቢያባራ በጋ ይመስላል» የሚባለው ለነሐሴም ይሠራል።

ከቀትር በፊት 5 ሰዓት፦ ደመናው ወርድ ወይስ ቁመት እየጨመረ ነው? ጠፍጣፋ የጥጥ ብጭቅጫቂ ብዙ አያስፈራም። ከዚህ ሰዓት ቀድሞ ሽቅብ ማደግ የጀመረ፣ ጫፉ እንደ አበባ ጎመን የተቆለለ ደመና ካለ ግን አውድማውን ለመሸፈን ጥቂት ሰዓት ብቻ ቀርቷችኋል።

ከሰዓት 8 ሰዓት፦ የደመናው አናት ተዘርግቶ የአንጥረኛ መስፊያ ከመሰለ በረዶና መብረቅ ይዟል። ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ከደመናው በኩል ከመታችሁ ዝናቡ ደርሷል። ስልክ ለማየት ጊዜ አታጥፉ።

ደረጃ 7፦ ደብተሩን፣ ትንበያውንና ሰማዩን አገናኝታችሁ ወስኑ

በምሳሌ እንየው። ምዕራብ ጎንደር፣ መተማ አካባቢ፣ መስከረም 11። የሰሊጡ የታችኛው ፍሬ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ለምሳሌ ያህል የአሥር ቀኑ መግለጫ እንዲህ ይላል እንበል፦ «ዝናብ ሰጪ የአየር ክስተቶች ከሰሜን ምሥራቅ እየተዳከሙ ይሄዳሉ፤ በምዕራብ ጎንደር በአንዳንድ ቦታዎች መካከለኛ፣ በጥቂት ቦታዎች ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል።» የእናንተ ደብተር ደግሞ ያለፉትን ስድስት ቀናት 0፣ 12፣ 3፣ 0፣ 27፣ 0 ይላል፤ የዘነበው ሁሉ ከ9 ሰዓት በኋላ ነው።

ችኩል ሰው «እየተዳከመ ነው» የሚለውን ይዞ ሁሉንም ያጭዳል። ፈሪው «ከባድ» የሚለውን ይዞ ይጠብቃል፤ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፍበታል። ደብተሩ ግን የሚለው ሌላ ነው፤ ከስድስቱ ቀናት ሁለት ደረቅ ቀን አልተከታተለም፤ ጠዋቱ ግን ሁሉ ደረቅ ነበር። ሰሊጥ ታጭዶ እስኪደርቅ ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ያን ያህል ርቀት ቀን በቀን የሚያሳይ አስተማማኝ ትንበያ የለም። ስለዚህ «መቼ ይቆማል?» የሚለውን ጥያቄ ተዉት። ጥያቄው «እየዘነበ እንዴት ይተርፋል?» ሆኗል።

እንዲህ አድርጉ፦ ቀድሞ የደረሰውን ክፍል ብቻ ጠዋት ጠዋት እጨዱ። ያጨዳችሁትን ከ8 ሰዓት በፊት በትናንሽ ነዶ አስራችሁ አቁሙት እንጂ መሬት ላይ አታስተኙት፤ የቆመ ነዶ ውሃውን ያንጠባጥባል፣ ነፋስም ያልፍበታል። ነዶዎቹን ውሃ በማይቆምበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሰብስቡ። የዕለቱ ትንበያ «በብዙ ቦታዎች ከባድ» ካለ ያን ቀን አዲስ አትጨዱ፤ ጉልበታችሁን ቦይ ለመክፈት አውሉት። ሦስት ተከታታይ ዜሮ ስትጽፉና መግለጫውም «በጥቂት ቦታዎች ቀላል» ወደሚለው ሲወርድ ደቦውን ጥሩ።

ሥራችሁ አጭር ከሆነ፣ ለምሳሌ መድኃኒት መርጨት ወይም መኪና ማሳለፍ፣ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። የደብተሩ ያለፉት ሁለት ቀናት፣ የዛሬው ትንበያና የ5 ሰዓቱ ሰማይ ይበቃሉ።

ደረጃ 8፦ ቶሎ የሚገድሉትን ለይታችሁ ያዙ

ከዚህ በታች ያሉት ላይ ስሌት የለም፤ ወዲያው ታዘዙ።

የሚፈስ ውሃ፦ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲ ሜትሩ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትሩ አብዛኛውን ተሽከርካሪ ይወስዳል። የደፈረሰ ውሃ ጥልቀቱን አያሳይም፤ ከሥሩ መንገዱ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ሰማዩ በእናንተ ላይ ጠርቶ ወንዙ በድንገት ከደፈረሰ ወይም እንጨት ማምጣት ከጀመረ ከላይ መጥቷልና ከብቱን ይዛችሁ ውጡ። ጎድሎ እስኪያሳልፍ ተቀምጦ መጠበቅ ሹፌሩ የሚያጣው ግማሽ ቀን ነው።

መብረቅ፦ ብልጭታውን አይታችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ። ሦስት ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 30 ሳትደርሱ ከሰማችሁ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ፤ የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዩ። ብቸኛ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

ናዳ፦ ተዳፋት ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ ወይም ከወትሮው ቦታ ውጭ የፈለቀ ምንጭ ካያችሁ ሌሊቱን እዚያ አትደሩ። ናዳ በወረደበት ቦታ ላይም ተሰብስባችሁ አትቁሙ፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ብዙዎቹ የሞቱት መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡት ናቸው፤ ሁለተኛ ናዳ ወረደባቸው።

ደረጃ 9፦ ሲሳሳት ለምን እንደተሳሳተ ለዩ

በየምሽቱ ከለካችሁት ጎን ትንበያው ያለውን በአንድ መስመር ጻፉ። ወሩ ሲያልቅ የተሳሳቱትን ቀናት ብቻ አውጡና እነዚህን ጠይቁ።

ዞኑ ዘንቦበት እናንተ ጋ ብቻ ካልዘነበ ስህተቱ የቦታ ቃላትን መዝለል ነው፤ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ። ዘንቦ ሰዓቱ ከተዛነፈ የሰዓት ቅየራችሁን ፈትሹ፤ ከሦስት ወይም ከስድስት ሰዓት ጋር እኩል የሆነ ልዩነት ካያችሁ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ስልኩ ሁልጊዜ ከእናንተ መለኪያ በላይ ወይም በታች የሚል ከሆነ ከፍታው ወይም አቀማመጡ ነው፤ ልዩነቱን መዝግባችሁ ለሚቀጥለው ዓመት አርሙበት። ተራራ ጀርባ ያለ ማሳ ከጎረቤቱ ወረዳ ያነሰ ዝናብ ማግኘቱ የተለመደ ነው። መጠኑና ቀኑ ያለ ምንም ሥርዓት የሚዘባረቅ ከሆነ መለኪያችሁን እዩ፤ ጠጠሩ ላይ ያለው ውሃ ተንኖ ዜሮው ወርዶ ይሆናል።

ለቦረና፣ ለጉጂ፣ ለደቡብ ኦሞና ለሶማሌ ክልል አንባቢዎች

እናንተ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ሌላው አገር ክረምቱን ሲሸኝ ለእናንተ ከመስከረም ጀምሮ ሁለተኛው የዝናብ ወቅት ይገባል፤ በጥቅምት ይጠናከራል፣ እስከ ኅዳርም ይዘልቃል። «ዝናቡ እየወጣ ነው» የሚለው ዜና የእናንተ አይደለም። ኤልኒኖም ለእናንተ ፊቱን ይቀይራል፤ ሰሜኑን ሲያደርቅ ደቡብና ደቡብ ምሥራቁን የማርጠብ ዝንባሌ አለው፣ በተለይ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው ሲሞቅ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በሶማሌ ክልል የደረሰው ጎርፍ የመጣው ሁለቱ በተገጣጠሙበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ መለኪያችሁን መስከረም ከመግባቱ በፊት አቁሙ፤ ኩሬውንና በርካውን (የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያውን) ጥረጉ፤ የዋቤ ሸበሌና የገናሌ ዳርቻ ነዋሪዎች ደግሞ ከባሌና ከሐረርጌ ደጋ የሚነገረውን የከባድ ዝናብ ትንበያ ከራሳችሁ ዞን ትንበያ አስቀድማችሁ አድምጡ።